አሥራ ሁለት ዲግሪ ከአምስት ደቂቃ

ኬክሮስና ኬንትሮስን ማስተማር ስጀምር በቃሌ አውቃቸው ነበር እንጂ አልገቡኝም ነበር። ደሴ ተማሪ ሳለሁ «ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያለውን ርቀት የሚያሳይ ምናባዊ መስመር ነው» ብዬ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቼበታለሁ። መምህራን ማሠልጠኛም ገብቼ ያንኑ ደገምኩት። ስሞቹ ራሳቸው መንትያ ይመስላሉ። የቱ አግድም እንደሚሄድ፣ የቱ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ እንዳይጠፋኝ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌ ክፍል የገባሁበት ቀን አለ።

የሥራ ቦታ ዕጣ ስናወጣ አዋሽ ሰባት ኪሎ ደረሰኝ። አብዮቱ ከፈነዳ ብዙም አልቆየም። ከአዲስ አበባ በባቡር ወረድኩ። ትምህርት ቤቱ ከጣቢያው ብዙ አይርቅም፤ ባቡር ሲገባ የሚነፋው ጡሩምባ ትምህርቱን ስለሚውጠው ሁላችንም ዝም ብለን እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ተማሪዎቼ የባቡር ሠራተኛ ልጆች፣ ከወሎና ከሐረርጌ የመጡ ነጋዴዎች ልጆችና ጥቂት የአፋር ልጆች ነበሩ። ያለን ሉል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ደቡብ አሜሪካ ላይ ተሰርጉዷል።

አንድ ቀን መስመሮቹን እያሳየሁ ሳለ የትኬት ቆራጩ ልጅ እጇን አወጣች። ጥያቄ የምትወድ፣ መልስ ካልጣማት የማትቀመጥ ልጅ ነበረች።

«ቲቸር፣ በኛ ከተማ የሚያልፈው የትኛው ነው?»

ሉሉን አዙሬ አየሁ። «ዘጠነኛው ኬክሮስና አርባኛው ኬንትሮስ እዚሁ ቅርባችን ይገናኛሉ። ወደ መተሃራ ሲኬድ።»

«ባቡሩ ይሻገራቸዋል ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን አይታዩም?»

«ምናባዊ ናቸው ብያለሁ እኮ።»

«ካልታዩ እዚያ ጋ መሆናቸውን ማን አወቀ?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ መልሱን አላውቀውም ነበርና። ነገ እነግራችኋለሁ ብዬ አለፍኩት።

ያን ዕለት ከትምህርት ቤት ስወጣ ጣቢያው ፊት ለፊት ሀብሀብ ይሸጥ ነበር። ከእርሻዎቹ በጋሪ የሚመጣ፣ አረንጓዴ፣ ዝንጉርጉር ሀብሀብ። አንድ ገዝቼ ወደ ቤት ተሸክሜ ስሄድ ዐይኔ መስመሮቹ ላይ ዐረፈ። ከአናቱ ተነሥተው፣ ሆዱ ላይ ተራርቀው፣ ታች ቂጡ ላይ ደግሞ ይገናኛሉ። ሁሉም እኩል ይረዝማሉ። ኬንትሮስ ነው። መንገድ ላይ ቆሜ ሀብሀቡን ሳገላብጥ ያየኝ ሰው ያልበሰለ ሸጠውብኝ የምናደድ ሳይመስለው አልቀረም።

በማግሥቱ ሀብሀቡን ከቢላ ጋር ይዤ ክፍል ገባሁ። በመጀመሪያ ከላይ እስከ ታች ያሉትን መስመሮች በጣታቸው እንዲከተሉ አደረግኩ። ቀጥሎ አግድም ቆረጥኩት። የመሃሉ ቁራጭ ትልቅ ክብ ሆነ፤ ወደ ጫፎቹ ሲሄድ ክቡ እያነሰ እያነሰ፣ መጨረሻ ላይ የሳንቲም ያህል ቀረ። «እነዚህ እርስ በርስ ይነካካሉ?» አልኩ። አይነካኩም አሉ። «ኬክሮስ እነዚህ ናቸው። ትልቁ የምድር ወገብ ነው። እኛ ከእሱ ትንሽ ወደ ላይ ነን።»

ለትኬት ቆራጩ ልጅ መልሱን በሌላ መንገድ ነገርኳት። ሌሊቱን መጽሐፍ አገላብጬ ያገኘሁት ነው። ሰው በቀትር ፀሐይ ምን ያህል ከፍ እንደምትል ለክቶ ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደራቀ ያውቃል፤ የሁለት አገር ቀትር በስንት ሰዓት እንደሚለያይ አይቶ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደሄደ ያሰላል። «ዕድሜሽ ይታያል?» አልኳት። «አይታይም። ግን ስለተቆጠረ እናውቀዋለን። መስመሩም እንደዚያ ነው።» አሰበች፣ አሰበችና ተቀመጠች። ሀብሀቡን በልተን ጨረስን፤ በመስኮት አይቶን ያለፈው ርዕሰ መምህር በኋላ የልደት በዓል ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ነበረን፤ ካድሬው ይመራል፣ መምህራን እንከተላለን። የሀብሀቡ ወሬ ደርሶት ኖሮ አንድ ቀን ወደ እኔ ዞረ። «ጓድ መምህርት፣ የኬንትሮሱ ዜሮ ለምን እንግሊዝ አገር ላይ ሆነ? ይህን ለጭቁን ልጆች ስታስተምሪ ምን እያልሽ ነው?»

ባልደረቦቼ ወደ መሬት አዩ። እውነቱን ከመናገር ሌላ የታየኝ ነገር አልነበረም። «የኬክሮስን ዜሮ ማንም አልመረጠውም፤ ምድር ስትዞር መሃሏ የሆነው ነው። የኬንትሮስ ዜሮ ግን የስምምነት ነው። ያኔ መርከብ የበዛው እነሱ ጋ ስለነበር በእነሱ ተስማሙ። ሌላ ቦታ ቢሆንም ይሠራል።»

«ሞስኮ ቢሆንስ?»

«ይሠራል።»

ካድሬው ማስታወሻ ያዘ። «ስለዚህ ሊለወጥ የሚችል ነው» አለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። ከዚያ በኋላ ስለ ሉሉ የጠየቀኝ የለም።

ባለቤቴን ያገኘሁት እዚያው አዋሽ ነው። የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ሹፌር ነበር፤ በባቡር የሚመጣ መለዋወጫ ሊወስድ ይመላለሳል። ተጋባንና ሥራው ወደ ሰሜን ሲዞር እኔም ዝውውር ጠይቄ ሎጊያ ገባን። ሎጊያ ያኔም የከባድ መኪና ከተማ ነበረች። ከአሰብ የሚወጣውና ወደ አሰብ የሚወርደው መኪና ሁሉ እዚያ ይቆማል፤ ጋራዥ፣ ነዳጅ፣ ምግብ ቤት፣ አልጋ። የቤት አከራያችን የወሎ፣ የወረባቦ ሴት ነበሩ፤ ለሹፌሮች ምግብ ቤት ከፍተው ከኋላው ያሉትን ክፍሎች ያከራያሉ። ዛሬ ትልቅ ከተማ የሆነችው ሰመራ ያኔ ከተማ አልነበረችም። ከሎጊያ ትንሽ እልፍ ብሎ፣ ጥቁር ድንጋይ ሜዳ ላይ፣ የመንገድ ሠራተኞች የቆርቆሮ ካምፕ ነበር፤ ውሃ ታንከር፣ ግሬደር፣ አንድ የሬዲዮ አንቴና። በቃ።

ነገሩ የደረሰው ሐምሌ ላይ ነው። የአፋርን ሐምሌ የማያውቅ ሰው ቢነግሩትም አይገባውም። ባለቤቴና አንድ ወጣት ቴክኒሺያን ለአዲስ ጉድጓድ የታሰበ ሜዳ ሊያዩ በላንድሮቨር ወጡ። ቴክኒሺያኑ ከአዲስ ዘመን አካባቢ የመጣ፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። አከራያችን ቤት ነው የሚበላው፤ በርበሬ አበዛችሁ እያለ ያስቃቸዋል። አብሯቸው ሊሄድ የነበረው መንገድ መሪ ሳይመጣ ቀረ፤ ሜዳው ቅርብ ነው፣ ደርሰን እንመለሳለን ብለው ብቻቸውን ሄዱ። ቴክኒሺያኑን ትንሽ ትኩሳት ይዞት ነበር። ወባ ነው፣ ክኒን ውጫለሁ አለ።

በነጋታው ይመለሳሉ ብዬ ስጠብቅ አልመጡም። በሚቀጥለውም ቀን አልመጡም።

«አብሽሪ ልጄ» አሉኝ አከራያችን። «መንገድ ነው። ጎማ ይሆናል። ኢንሻአላህ ይመጣሉ።» እንዲህ እያሉኝ ግን እሳቸውም በየሰዓቱ ወደ በሩ ብቅ እያሉ መንገዱን ያያሉ።

ከዚያ ወሬ መጣ። አንበጣ የምታስስ ትንሽ አውሮፕላን በዚያ በኩል ስታልፍ የቆመች መኪናና ጨርቅ የሚያውለበልብ ሰው አይታለች። ማረፊያ ስላልነበረና ነዳጇም ስላነሰ አላረፈችም፤ ፓይለቱ ግን ቦታውን በሬዲዮ ተናግሯል፤ መልእክቱም ሰመራ ካምፕ ደርሷል። ካምፑ ወዲያው መኪና፣ ውሃና ሰው ልኳል። አከራያችን ይህን ሲሰሙ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። እኔ ተቀምጬ አለቀስኩ። 

መኪናዋ በማግሥቱ አመሻሽ ላይ ባዶዋን ተመለሰች።

የጫነኝ ሹፌር ማን እንደሆነ አላስታውስም፤ አንድ ወደ አሰብ የሚወርድ መኪና አስቁሜ ሰመራ ካምፕ ወረድኩ። ቢሮ ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ በዕድሜ የገፉት የካምፑ ኃላፊ፣ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣው ወጣቱ ምክትላቸውና የሬዲዮ ኦፕሬተሩ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ካርታ ተሰቅሏል። በዚያ ዘመን ካርታ እንዲህ በቀላሉ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ከሶማሊያው ጦርነት ወዲህ ካርታ ይዞ የተገኘ ሰው ብዙ ነገር ይጠየቃል። ኃላፊው ስገባ መጋረጃውን ሊስቡበት ተነሡና ፊቴን ሲያዩ ተዉት።

«እህቴ፣ ልጆቹ ሙሉ ቀን ፈልገዋል» አሉኝ። «ፓይለቱ ያለው ቦታ ድረስ ሄደዋል። የጎማ ዱካ እንኳ የለም። ሌላ አውሮፕላን እስኪመጣ እንጠብቃለን።»

«ቦታው የቱ ነው?» አልኩ።

ምክትሉ ቀይ እስፒል የተሰካበትን አሳየኝ። ካርታው ላይ መስመሮቹ በየአንድ ዲግሪው ብቻ ናቸው፤ በመካከላቸው ምንም የለም። እስፒሉ በአሥራ ሁለትና በአሥራ ሦስት መካከል፣ ልክ እኩሌታው ላይ ነበር። ወደ ጎንም በአርባና በአርባ አንድ መካከል፣ ልክ እኩሌታው ላይ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እኩሌታ መሆናቸው ዐይኔን ያዘው።

«ፓይለቱ ምን ነበር ያለው? ቃሉን ንገሩኝ።»

ሬዲዮ ኦፕሬተሩ ሳያመነታ ደገመው። «አሥራ ሁለት ከዜሮ አምስት ሰሜን፣ አርባ ከሃምሳ ምሥራቅ።»

«እኔም ያንን ነው የሰካሁት» አለ ምክትሉ። «አሥራ ሁለት ነጥብ አምስት፣ አርባ ነጥብ አምስት። እኩሌታ።»

«ነጥብ ብሏል?»

ኦፕሬተሩ ወደ ምክትሉ አየ። «ነጥብ አላለም።»

«ዜሮዋስ?»

«ዜሮዋን» አለ ምክትሉ፣ «የሬዲዮ አነጋገር መስላኝ ነው።»

ወደ ካርታው ቀረብኩ። ድምፄን ክፍል ውስጥ እንዳለሁ አድርጌ ያዝኩት፤ ሌላ መላ አላውቅም ነበር። «ዲግሪ የሚከፈለው በአሥር አይደለም። እንደ ሰዓት ነው፣ በስልሳ። አንድ ዲግሪ ስልሳ ደቂቃ ነው። አምስት ደቂቃ ማለት ከስልሳ አምስት ነው፤ ከአሥራ ሁለቱ መስመር ገና ትንሽ ከፍ እንዳልን ነው። ሃምሳ ደቂቃ ደግሞ አርባ አንዱ መስመር ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ነው። ሁለቱም እኩሌታ አይደሉም።»

ኃላፊው እስፒሉን ነቅለው ሰጡኝ። በክር ለክቼ ሰካሁት። ወደ ታች ወረደ፣ ወደ ቀኝም መጣ። ወደ እኛ ቀረበ። የካምፑ መኪና የሄደችበት ከዚህ እጥፍ በላይ ይርቃል፤ ፈላጊዎቹ ባለቤቴን በጎን ትተውት አልፈው፣ ማንም የሌለበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሲዞሩ ውለዋል።

 ኃላፊው «ነዳጅ የቀረን ለአንድ ጉዞ ነው» አሉ። «አንቺም ተሳስተሽ ቢሆንስ?»

«ሊያዩት የሄዱት ሜዳ የት ነው?» አልኳቸው።

ጣታቸውን ካርታው ላይ አደረጉ። እኔ ከሰካሁት እስፒል የአንድ ጣት ስፋት እንኳ አይርቅም ነበር።

«መንገድ ስተው በጣም ርቀው የሄዱ መስሎን ነው» አሉ ቀስ ብለው። ምክትሉ ግንባሩን ይዞ ተቀመጠ።

ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ሹፌሩ፣ ሁለት ሠራተኞች፣ የካምፑ ዘበኛ የሆኑ ሽማግሌ አፋርና እኔ። ትቀሪያለሽ ብለውኝ ነበር፤ መኪናው ላይ ወጥቼ ስቀመጥ የሚያወርደኝ አልተገኘም። መንገዱ መንገድ አይደለም። በኮምፓስ አቅጣጫ ይዘን፣ የመኪናውን ኪሎ ሜትር ቆጣሪ እያየን፣ ድንጋይ ስንሸሽ ከመስመር እንወጣለን፣ ደግሞ እንመለሳለን። ዲግሪና ደቂቃ ሰፈሩን ያሳያል እንጂ ቤቱን አያሳይም። ልንደርስ ይገባል ባልነው ቦታ ስንደርስ ነፋስና ትኩስ አሸዋ ብቻ ነበር።

ሹፌሩ ጡሩምባ እየነፋ ዞረ። ሽማግሌው አስቁመውን ወረዱ፤ መሬቱን ሳይሆን ዙሪያውን ነበር የሚያዩት። «ውሃ ፍለጋ የመጣ ሰው ጉብታ ላይ አይሄድም» አሉ በሚያውቁት አማርኛ። «ረባዳው በዚያ ነው።» ወደዚያ ዞርን። ትንሽ እንደሄድን ከሩቅ የሆነ ነገር ብልጭ አለ። ጠፋ። ደግሞ ብልጭ አለ።

ባለቤቴ የመኪናዋን ስፔኪዮ መስታወት ነቅሎ ፀሐይ እየያዘ ሲያብለጨልጭ ነበር። ካምቢዮው ተሰብሮ ነው የቆሙት። በእግሩ ሊወጣ ይችል ነበር፤ ቴክኒሺያኑ ግን በትኩሳት መራመድ ስላቃተው ጥሎት አልሄደም። የጠጡት መጨረሻ ላይ ከራዲያተር የቀዱትን ነው። የባለቤቴ ከንፈር ተሰነጣጥቆ፣ ዐይኑ ጎድጉዶ፣ መጀመሪያ እኔ መሆኔን አላወቀም። ውሃውን ስሰጠው እጄን ወደ ጎን ገፋው።

«እሱን አስቀድሙ» አለ።

ቴክኒሺያኑ ላንድሮቨሯ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ተኝቷል። ይተነፍሳል። በማንኪያ ውሃ አጠጣነው፣ በረጠበ ጨርቅ ጠቀለልነው፣ ዱብቲ ሐኪም ቤት አደረስነው። መንገድ ላይ አንዴ ዐይኑን ገልጦ አየኝና የሆነ ነገር አለ፤ አልሰማሁትም። በማግሥቱ ዐረፈ። ሐኪሙ ወባውና ጥማቱ ተደራርበውበታል አለን። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ቢመጣ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ካርዱን አጥፎ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፈ።

ባለቤቴ ገና ከአልጋ ሳይነሣ ምክትሉ ታሰረ። ክሱ አሻጥር ነው፤ ሆን ብሎ የመንግሥት ሠራተኛ እንዲሞት፣ የመንግሥት መኪና እንዲጠፋ አድርጓል ተባለ። በዚያ ዘመን ይህ ቃል ቀላል አልነበረም። አሻጥረኛ ተብሎ የተወሰደ ሰው ሁልጊዜ አይመለስም። ሦስት ሰዎች ያሉበት አጣሪ ኮሚቴ መጣ፤ አንድ ካድሬ፣ አንድ የሠራተኛ ጉዳይ ሹምና አንድ መቶ አለቃ። እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ።

በዋዜማው ባለቤቴ ጠየቀኝ። «ምን ልትያቸው ነው?»

«አላውቅም» አልኩት። እውነቴን ነው። ያን ሰውዬ ጠልቼዋለሁ። ቴክኒሺያኑ ሲተነፍስ የሰማሁት ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም ነበር።

«እኔ ሞቼ ቢሆን ኖሮስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ። «ልጁን የገደለው እሱ አይደለም» አለ። «ሰውዬው ካርታ አላወቀም። እኔም አላውቅም። አንቺ ያየሽውን ተናገሪ።»

ቃሌን የሰጠሁት እዚያው ካምፑ ቢሮ ውስጥ፣ ካርታው ፊት ነው። ካድሬው ጀመረ። «ጓድ መምህርት፣ ዲፕሎማ ያለው ሰው ይህን መሰካት እንዴት ያቅተዋል? አንቺ አይተሽ ወዲያው አወቅሽ። እሱ እንዴት አላወቀም? ሆን ብሎ ካልሆነ በቀር?»

«ሆን ብሎ አይደለም» አልኩ።

«በምን አወቅሽ?»

«በየዓመቱ ስለማየው ነው። ዲግሪን በአሥር ከፍሎ የማይሳሳት ሰው የለም። ገንዘቡ በመቶ ነው፣ ሜትሩ በመቶ ነው። እጅ ወደለመደው ይሄዳል።»

ካድሬው አልጠገበም። ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ የታዘዘውን መልስ ይዞ እንዲመለስ የተላከ ሰው ነበር። ያኔ ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፤ እስፒሉን አነሣሁና «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አርባ ዲግሪ ከሠላሳ ደቂቃ የቱ ጋ እንደሆነ ታሳዩኛላችሁ?» አልኩ።

ደፋር ጥያቄ ነበር። የሠራተኛ ጉዳይ ሹሙ ወደ ካድሬው አየ። ካድሬው ግን ተነሣ፤ እስፒሉን ተቀብሎ ከአርባው መስመር ትንሽ እልፍ አድርጎ፣ ሦስት አሥረኛው ላይ ሰካው። የሠራተኛ ጉዳይ ሹሙ ትክክል ነው አለ። መቶ አለቃው ከወንበሩ ሳይነሣ «አይደለም» አለ። «ሠላሳ ደቂቃ እኩሌታ ነው። መሃሉ ላይ።»

ካድሬው ካርታውን ትኩር ብሎ አየው። ከስልሳ ሠላሳ መሆኑን እኔ ስነግረው አልነበርኩም? ነግሬው ነበር፤ ገና ሲገባ ነገሩን ሁሉ አስረድቼዋለሁ። እጁ ግን ወደለመደው ሄደ።

«መድፈኛ ነኝ» አለ መቶ አለቃው። «ስማር እኔም ተሳስቼ ምሳ ተከልክያለሁ።» ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞሮ «ይህ አሻጥር አይደለም። አለማወቅ ነው። አለማወቅ ደግሞ የሁላችንም ነው» አለ።

ምክትሉ ወዲያው አልተፈታም። ከተወሰኑ ሳምንታት በኋላ ግን ከሹመቱ ዝቅ ብሎ ሚሌ ወዳለ መጋዘን ተዛወረ። ሊያመሰግነኝ አልመጣም፤ እኔም አልጠበቅኩትም። አንድ ጊዜ ሚሌ ላይ መኪና ስቀይር ከሩቅ አየሁት። እሱም አየኝ። ኮፍያውን አውልቆ ቆመ፤ መኪናዬ እስክትነሣ ድረስ መልሶ አላደረገውም። ኃላፊው ግን ሰው ልከው አስጠሩኝ፤ ለካምፑ ሠራተኞች በሳምንት አንድ ቀን ካርታ እንዳስተምር ጠየቁኝ። ለሁለት ዓመት ያህል አስተማርኩ። ግሬደር ነጂዎቹ ከሁሉም ይበልጥ ይጠይቁ ነበር።

መስከረም ከጠባ በኋላ የቴክኒሺያኑ እናት መጡ። ከአዲስ ዘመን ደሴ፣ ከደሴ በጭነት መኪና። ልጃቸው የተቀበረበትን አይተው ሲያበቁ አከራያችን ወደ ቤታቸው ወስደው አሳረፏቸው። ጥቁር ለብሰዋል፤ ሙቀቱ አድክሟቸዋል። እንጀራውን አልነኩም።

«መቃብሩን አየሁ» አሉኝ። «ልጄ የተጠማበትን ቦታ ግን አሳዪኝ። አንቺ ታውቂዋለሽ አሉኝ።»

ልወስዳቸው አልችልም ነበር። ከትምህርት ቤት የኢትዮጵያን ካርታ አመጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ካርታ አይተው አያውቁም። መጀመሪያ ጣናን አሳየኋቸው፤ ውሃውን ያውቁታል። ከጣና ተነሥቼ ወደ ቤታቸው መጣሁ። «ቤትዎ እዚህ ነው።» ጣታቸውን ይዤ እዚያ አስቀመጥኩት። ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ተራራውን ተሻግሬ፣ ቁልቁለቱን ወርጄ፣ ሜዳው ጋ ደረስኩ። «እሱ እዚህ ነበር።»

ያን ጊዜ ነው እኔም ያየሁት። ጣቴ ወደ ሰሜን አልወጣም፣ ወደ ደቡብም አልወረደም። አዲስ ዘመንና ያ ሜዳ በአንድ ኬክሮስ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል።

«ከቤትዎ ቀጥ ብሎ ምሥራቅ ነው» አልኳቸው። «ወደ ላይም ወደ ታችም አይልም።»

«ፀሐይ በምትወጣበት?»

«በምትወጣበት።»

በጣታቸው መስመሩን ራሳቸው ተከተሉት፤ ከቤታቸው እስከ ሜዳው፣ ከሜዳው እስከ ቤታቸው። «እንግዲያስ የጓሮዬ በር ወደዚያ ነው የሚከፈተው» አሉ። ካርታውን እጠፊው አሉኝና ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ አከራያችን ያቀረቡላቸውን ውሃ ጠጡ፤ እንጀራውንም ትንሽ ቆረሱ። በማግሥቱ በጠዋት አከራያችን ወደ ደሴ የሚወጣ የሚታመን ሹፌር ፈልገው ጋቢና ውስጥ አስቀመጧቸው፤ የመንገድ ቆሎም ቋጠሩላቸው።